የሜቤል ብልቃጥ

ታክሲው የዳውንታውንን ፎቆች ወደ ኋላ ትቶ ወደ ሬንተን ሲወርድ፣ አጸደ የእጅ ቦርሳዋን እንደ ሕፃን አቅፋ የመኪናውን ሰዓት ታያለች። ከጠዋቱ አራት ሰዓት ከሩብ ሆኗል። እስከ ስድስት ሰዓት ተኩል ሌክ ሲቲ ካልተመለሰች ነገሩ ሁሉ አለቀለት። የፈረንጆቹ 2006 ዓ.ም. ነው፤ ወሩ ጥቅምት፣ ቀኑ ቅዳሜ። ዝናቡ ከሌሊት ጀምሮ አላባራም። ከፊታቸው የመኪናዎች ቀይ መብራት እስከ ኮረብታው ጫፍ ተደርድሯል።

«አደጋ ይሆናል» አለች።

«ምን አደጋ አለ? ይቺ ከተማ ዝናብ አይታ የማታውቅ ይመስል ሁልጊዜ ትደነግጣለች» አላት ሾፌሩ።

ዓብዱልወሃብ ከእሷ በላይ ባለው ፎቅ የሚኖር የደሴ ሰው ነው። ሲያትል ከገባ ዐሥራ አራት ዓመቱ ነው፤ መንገዱን በቃሉ ስለሚያውቅ፣ ሌሎቹ ሾፌሮች ከኮምፒውተር አትመው የሚይዙትን የካርታ ወረቀት ይንቃል። ጠዋት በሩን ስታንኳኳበት ሻዩን እንኳ ሳይጨርስ ነበር ቁልፉን ያነሣው።

«አመጣጥሽን ሳይ ሰው የሞተ መስሎኝ ነበር፣ እህቴ። አሁን ደግሞ ብልቃጥ ትይኛለሽ። ሶ፣ እስቲ ከሥሩ ንገሪኝ። የማን ብልቃጥ ነው?»

«የሚስተር ቴት።»

«የምትጠብቂያቸው ሽማግሌ? ምን አለበት? ሽቶ?»

«ባዶ ነው» አለች አጸደ። ቀጥላም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ባዶ ነበር» አለች።

ሚስተር ኤሞሪ ቴት ሌክ ሲቲ የሚኖሩ የሰባ አራት ዓመት ጥቁር አሜሪካዊ ናቸው። ጆርጂያ በምትባለው የደቡብ ክፍለ ሀገር ተወልደው፣ በጎልማሳነታቸው ወደ ሲያትል መጥተው፣ ሬንተን ባለው የአውሮፕላን ፋብሪካ ሃያ ዓመት ብረት ሲበሱ ኖረው ጡረታ ወጡ። ሚስታቸው ሞታለች፤ ልጅ የላቸውም። ሳንባቸው ደክሞ የኦክስጅን ቱቦ ከአፍንጫቸው አይለይም፤ ሐኪማቸው የቀራቸውን ጊዜ በሳምንት እንጂ በወር አልነገራቸውም። አጸደ በአንድ የሆም ኬር ኤጀንሲ ተቀጥራ እሳቸውን ስትንከባከብ ሁለት ዓመቷ ነው። «ሚስ አጸደ» ይሏታል። ባደጉበት አገር ሴት ያለ ማዕረግ አትጠራም።

ጥፋቱ የደረሰው ባለፈው ሳምንት ዓርብ ነው። ነርሷ መጥታ «ቀኑ ያለፈበት መድኃኒት ሁሉ ይጣል» ብላ ስለ ነበር፣ አጸደ የመታጠቢያ ቤቱን ሳጥን አንድ በአንድ አጸዳች። ከታችኛው መደርደሪያ ጥግ አንዲት የክኒን ብልቃጥ አገኘች። ወፍራም ብርጭቆ ናት፤ አፏ ሰፊ ነው፤ ወረቀቷ ተልጦ አልቋል፤ ክዳን የላትም። ልትጥላት አነሣችና እጇ እንቢ አላት። እሁድ እሁድ ሰው ሁሉ ጸበል የሚቀዳው በፕላስቲክ የውኃ ኮዳ ነው። እንዲህ ባለች ንጹሕ ብልቃጥ ቢቀዳ እንዴት ያምራል አለች በሆዷ። ደግሞም ያሰበችው ለራሳቸው ለሽማግሌው ነበር። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ሞልታ፣ በቡሽ ወትፋ፣ ሰኞ በኪሷ ይዛ ገባች። ደረታቸውን ልትቀባላቸው አልጋቸው አጠገብ ቆማ ሳለ፣ በሥልጠናው ጊዜ የሰማችው ትዝ አላት። የራስን ሃይማኖት ክላየንት፣ የሚንከባከቡት ሰው፣ ቤት ይዞ መግባት ከሥራ ያስባርራል። እጇን ከኪሷ ሳታወጣ ዋለች። ያን ዕለት ማታ፣ አብረዋት የሚያስቀድሱት እትዬ የውብዳር ከሬንተን ኮል አደረጉላት። የሚመጣው ሳምንት ማክሰኞ ሐኪሞች ልባቸውን ሊከፍቷቸው ቀጠሮ ይዘዋል፤ ድምፃቸው ይንቀጠቀጣል። በማግሥቱ ብልቃጧን ወስዳ ለእሳቸው ሰጠች።

ዛሬ ጠዋት ሚስተር ቴት ተላጭተው፣ ነጭ ሸሚዛቸውን ስታለብሳቸው፣ «ሚስ አጸደ፣ ከመታጠቢያ ቤቱ ሳጥን ብልቃጤን አምጪልኝ» አሏት።

«እቤቴ ነው። ላጥበው ወስጄው ነው» አለች። ውሸቱ ከአፏ ሲወጣ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

ረዥም ጊዜ አዩዋት። «ከዛሬ እንዳያልፍ ብቻ» አሉ።

ዓብዱልወሃብ ይህን ሁሉ ሲሰማ መሪውን በሁለት እጁ ጨበጠ። «ባዶ ብልቃጥ ለምን ፈለጓት?» ሲል ጠየቃት።

«ጊታር የሚመቱባት እሷ ኖራለች፤ ሲመቱ አይቼ ስለማላውቅ ዛሬ ነው የገባኝ። ብልቃጧን የግራ እጃቸው ጣት ላይ ያጠልቁና ክሩ ላይ ያንሸራትቷታል። ድምፁ ሰው ሲያለቅስ ነው የሚመስለው ይላሉ።»

«እንደ ማሲንቆ?»

«እንደ ማሲንቆ። ዛሬ ደግሞ ስድስት ሰዓት ተኩል ላይ ከጆርጂያ ሰው ይመጣል። መቅረጫ ማሽን ይዞ።»

የሚመጣውን ሰው ታሪክ አጸደ በሁለት ዓመት ውስጥ ቁርጥራጩን እየሰማች ነው የገጣጠመችው። ከሠላሳ ዘጠኝ ዓመት በፊት ሚስተር ቴት በአንድ ትንሽ ከተማ የነጭ ጋራዥ ውስጥ መካኒክ ነበሩ። የጋራዡ ባለቤት ልጅ፣ ዛሬ የሚመጣው ሰው፣ ዴል ይባላል፤ ያኔ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አንድ ቀን ከጎማው ክምር ጀርባ ሚስተር ቴት በብልቃጧ ሲጫወቱ ሰምቶ ቆመ። በዚያ ዘመን በዚያ አገር የነጭ ልጅ ጥቁር ሰው ደጅ ተቀምጦ ሙዚቃ ሲማር መታየት አይችልም። ስለዚህ ጋራዡ ሲዘጋ ከኋላ በኩል፣ ከአሮጌ ሞተሮች መካከል ይገናኙ ጀመር። ልጁ ከአያቱ የወረሰው የገጠር ነጮች ዘፈን አለው። ሚስተር ቴት የቤተ ክርስቲያናቸውን ዝማሬና ብሉዝ የሚባለውን የጥቁሮቹን እንጉርጉሮ ያውቃሉ። ሁለቱን አንድ ላይ ፈተሏቸው። አንዱን ዜማ በሁለት ጊታር፣ አንዱ ከላይ አንዱ ከታች ሆነው፣ ጎን ለጎን ያስኬዱታል። ዜማው ሲጥም አያቋርጡትም፤ ሩብ ሰዓት፣ ግማሽ ሰዓት ይሄዳል።

ልጁ ያን ይዞ ወጣ። የዕድሜ እኩዮቹን ሰበሰበ፣ ከበሮ መቺ ሁለት አደረገ፣ ድምፁን በኤሌክትሪክ አጎላው። ሸክላ ታተመ። በዚያው ሰሞን በሌሎችም የደቡብ ከተሞች ሌሎች ልጆች ይህንኑ የመሰለ ነገር ይዘው ብቅ ብለው ነበርና፣ ጋዜጦች ለሁሉም አንድ ስም አወጡላቸው፦ የደቡብ ሮክ። ሙዚቃው የተወለደው በብዙ ሰው እጅ ነው። አንዱ እጅ የሚስተር ቴት ነበር። በሸክላው ልባስ ላይ ግን ስማቸው የለም።

«እና አሁን ሰውየው ምን ሊያደርግ ይመጣል?» አለ ዓብዱልወሃብ።

«በከተማቸው ሙዚየም ሊከፈት ነው አሉ። የሽማግሌዎችን ድምፅ ይሰበስባል። ማታ ይሳፈራል። እሳቸው ዛሬ ካልተጫወቱ ሌላ ቀን የላቸውም።»

«ሌላ ብልቃጥ ከሱቅ አይገኝም?»

በዚህ መካከል ስልኳ ጮኸ። አጸደ የሚታጠፈውን ስልኳን በሁለት እጇ ከፈተች። ልጅዋ ሳሌም ናት። ዐሥራ ሰባት ዓመቷ ነው፤ አጸደ ከሽማግሌው ጋር ትታት የወጣችው እሷን ነው፤ ያም ራሱ ክልክል ነው።

«ማሚ፣ ሰውየው መጣ። ኧርሊ ነው የመጣው።»

«ኦክስጅኑ ይሠራል? ከንፈራቸው አልጠቆረም?»

«ሂ ኢዝ ፋይን፣ ማሚ። የራሱን ብርጭቆ አምጥቶላቸው ነበር፣ ግን ጣታቸው ላይ አላልፍ አለ። አጥንታቸው አብጧል። "የሜቤልን እጠብቃለሁ" እያሉ ነው። ሜቤል ማን ናት?»

አጸደ አታውቅም ነበር። ስልኩን አጥፋ ወደ መስኮቱ ዞረች። ብልቃጧ ተሰብራ ታየቻት። እትዬ የውብዳርን አምቡላንስ ወስዷቸው በራቸው ተዘግቶ ታያት። ኤጀንሲው የክላየንት ዕቃ ሰርቃለች ብሎ ፖሊስ ሲጠራ፣ ሳሌም ብቻዋን ስትቀር ታያት። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይሉ ነበር እናቷ።

እትዬ የውብዳር ግን ቤታቸው ነበሩ። ነጠላቸውን ተከናንበው ራሳቸው በሩን ከፈቱላት። ብልቃጧ ደኅና ናት፤ ከሥዕለ አድኅኖው ሥር ቆማለች። እንዳትፈስ ብለው የቡሹን ዙሪያ በጧፍ ሰም ደፍነውታል። ጠዋት ጠዋት ቁርስ ሳይቀምሱ በማንኪያ ይጠጡና መልሰው ይደፍኗታል፤ ከግማሽ በላይ ገና አለ።

አጸደ ቆማ ሁሉንም ተናገረች። ለማን አስባ እንደ ቀዳችው ስትናገር እትዬ የውብዳር ወንበር ስበው ተቀመጡ።

«ቆይ እስቲ ልጄ። ለሌላ በሽተኛ የታሰበ ጸበል ነው እኔን ስታጠጪኝ የከረምሽው?»

«ፈርቼ ነው፣ እትዬ። እርስዎም ታመው ነበር።»

«እኔማ ታምሜአለሁ። ሰውየውስ?»

«እሳቸው የባሰ ናቸው።»

እትዬ የውብዳር ነጠላቸውን ሰበሰቡ። ከዚያ ተነሥተው ከቁም ሳጥኑ ሌላ ጠርሙስ አወጡ፤ አቡነ ዘበሰማያትን በዝግታ፣ አንዲት ቃል ሳይዘሉ ደገሙ። ውጭ ዓብዱልወሃብ ክላክሱን ነካ አደረገ። እትዬ የውብዳር አልቸኮሉም። ከብልቃጧ እኩሌታውን ቀንሰው ወደ ጠርሙሱ ገለበጡ። የቀረውን ከነብልቃጡ ዳግመኛ በሰም ደፈኑት።

«እትዬ፣ ባዶውን ነው የምፈልገው። እሳቸው የሚፈልጉት ብልቃጡን ነው።»

«አንቺ ለእሳቸው ያሰብሽውን ባዶ አድርጌ አልሰድድም። ለታሰበለት ሰው ይድረስ። ከዚያ በኋላ እንደ ፈለጋችሁ አድርጉት።» ብልቃጧን በእጇ ሲያስይዟት ጣቶቿን አጥብቀው ያዙ። «ማክሰኞን አስቢልኝ። ስማቸውስ ማን ነው? እኔም ላስባቸው።»

«ኤሞሪ።»

«ኤሞሪ» አሉ እትዬ የውብዳር፣ ስሙን እንዳይጠፋባቸው ቀስ ብለው።

ሲመለሱ መንገዱ ትንሽ ተለቅቆ ነበር። ዓብዱልወሃብ በጎን እያያት፣ «አሁን ምን ጨነቀሽ? ጠጪውና ባዶውን ስጫቸው። አጥቤ አመጣሁ ነው ያልሽው» አላት።

«ቁርስ በልቻለሁ። ተበልቶ አይጠጣም።»

«እኔም በልቻለሁ፤ ባልበላም ደግሞ ሼኹ ይቆጡኛል።»

አልሳቀችም። ሚስተር ቴት ደጅ ታክሲውን ፓርክ ሲያደርግ ስድስት ሰዓት ከሃያ ነበር። በግቢው ውስጥ አንድ ትልቅ ጥድ አለ። ሥሩ ንጹሕ ነው፤ እግር አይረግጠውም። ጸበሉን እዚያ ብታፈስሰው ነውር የለውም፤ ብልቃጧን በሹራቧ ጠርጋ ብትገባ ውሸቷ ውሸት መሆኑ አይታወቅም። ከጥዱ ሥር ቆማ ሰሙን በጥፍሯ ነካካችው። ለታሰበለት ሰው ይድረስ የሚለው ቃል ግን እጇን ያዘው። ዝናቡ አንገቷ ውስጥ እየገባ ጥቂት ቆመች። ሰሙን እንደ ነበረ ትታ ወደ ቤቱ ገባች።

ዴል ረዥም፣ ፀጉሩ የሸበተ፣ ወደ ስድሳ የተጠጋ ሰው ነው። ጊታሩ ሶፋው ላይ ተጋድሟል፤ ማሽኑን ጠረጴዛው ላይ አድርጎ ቀይ መብራቱን አብርቶ ከወረቀት ያነባል። ሳሌም ጥግ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። ሚስተር ቴት አሮጌ ጊታራቸውን ጭናቸው ላይ አጋድመው ዓይናቸውን ጨፍነዋል።

«በወጣትነቴ» ሲል ያነባል ዴል፣ «በአባቴ ጋራዥ ይሠራ የነበረ ኤሞሪ የሚባል ሰው ስለ ጊታር አንዳንድ ነገር አሳይቶኛል።» ቀና ብሎ፣ «ልክ ነው፣ ኤሞሪ?» አለ።

«እርስዎ እንዳሉት ነው፣ ሚስተር ዴል» አሉ ሚስተር ቴት።

አጸደ በሩ ላይ ቀረች። ዐሥራ ስድስት ዓመት የሚበልጡት ሽማግሌ ሰውየውን ሚስተር ሲሉት፣ እሱ ደግሞ እንደ ጓደኛው ልጅ በስማቸው ብቻ ሲጠራቸው ስትሰማ አንገቷን ደፋች። ከጋራዡ ዘመን ጀምሮ እንዲህ ሲጠራሩ ኖረዋል ማለት ነው። ሁለቱም አላስተዋሉትም።

«ሚስ አጸደ» አሉ ሚስተር ቴት ዓይናቸውን ገልጠው። «አመጣሽልኝ?»

ቀርባ እጃቸው ላይ አስቀመጠችላት። ወደ ብርሃኑ አንሥተው አዩአት። ውኃው ተንቀሳቀሰ። ሰሙን በአውራ ጣታቸው ዳበሱት።

«ይኼ ምንድን ነው?»

አጸደ ወደ ቀይዋ መብራት አየች። ማሽኑ እየቀዳ ነው። አሁን የምትናገረው ሁሉ እዚያ ውስጥ ይገባል፤ የክላየንት ዕቃ መውሰዷ፣ ጸበሉ፣ ዛሬ ጥላቸው መውጣቷ።

«አልታጠበም። ዋሽቼዎታለሁ» አለች በተሰባበረ እንግሊዝኛዋ። «ሳልጠይቅዎት ነው የወሰድሁት። የቤተ ክርስቲያናችንን ጸበል ሞላሁበት። ለእርስዎ ነበር። ከዚያ ሥራዬን ፈራሁና ለሌላ በሽተኛ ሰጠሁት። አሁን ከእሳቸው ተቀብዬ ነው የመጣሁት። ከፊሉን እሳቸው ጠጥተውታል።»

ዴል እጁን ወደ ማሽኑ ዘረጋ። «ይህን እናቋርጠው፤ ለሥራዋ ጥሩ አይሆንም።»

«ይቀዳ» አሉ ሚስተር ቴት።

ትንፋሻቸው እስኪመለስ ብልቃጧን በመዳፋቸው ያዟት። ቱቦው ብቻ ይሰማል።

«ይቺ የታናሽ እኅቴ የሜቤል ብልቃጥ ናት። የመጨረሻው ክኒኗ የነበረባት። በዘጠኝ ዓመቷ ሞተች፤ እኔ ዐሥራ ሁለት ነበርሁ። እናቴ ልትጥላት አልቻለችም። እኔ ደግሞ ጣቴን ከተትሁባትና ክሩ ላይ ሳስኬዳት የሜቤልን ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ። ይኸው ነው ነገሩ። ሙዚቃው ከየት መጣ ብለው ይጠይቁኛል፣ ሚስተር ዴል። ከእዚህ ነው የመጣው።» ወደ አጸደ ዞሩ። «ማንም በሽተኛ ሲጠጣባት ሜቤል ቅር አይላትም። አንቺ ግን ለእኔ ሞልተሽው ሳለ ለምን ዝም አልሽ?»

«ፈራሁ።»

«አዎ። ሁላችንም ፈርተን ነው ዝም የምንለው።»

ይህን ሲሉ ማንንም አላዩም። ዴል ግን ወረቀቱን ቁልቁል እያየ ቀረ። ሚስተር ቴት ሰሙን በጥፍራቸው ልጠው ቡሹን ነቀሉ፤ ከውኃው መዳፋቸው ላይ አፍስሰው ግንባራቸውንና ደረታቸውን አበሱ፤ የቀረውን ጠጡት። ከጠዋት ጀምሮ ምንም አልቀመሱም ነበር። አጸደ ይህን ስታስብ ዓይኗን እንባ ሞላው።

ዴል ወረቀቱን ለሁለት አጠፈው። እንደገናም አጠፈው። ሲናገር ድምፁ የሽማግሌ ሆኖ ነበር።

«አንዳንድ ነገር አይደለም ያሳዩኝ። ዜማውን ነው ከሳቸው የወሰድሁት። ሸክላው ላይ የወጣው፣ ሰው ሁሉ የሚያውቀው ዜማ የሳቸው ነው። የኔ ስም ተጻፈበት። አባቴ እንዳይሰማ ፈራሁ፤ ቀጥሎ ጓደኞቼን ፈራሁ፤ ከዚያ ዘመኑ አለፈና አፈርሁ። ሠላሳ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ።» ባርኔጣውን ከጉልበቱ ላይ አንሥቶ ቆመ። «ይቅር ይበሉኝ፣ ሚስተር ቴት።»

ሚስተር ቴት ያን ቃል ለመስማት የዘገዩ ይመስል ራሳቸውን ወደ እሱ አዘነበሉ።

«እሺ፣ ዴል» አሉ በመጨረሻ። «ጊታርህን አንሣ። አንተ የላይኛውን፣ እኔ የታችኛውን።»

ዴል ጊታሩን ከማንሣቱ በፊት ወደ አጸደ ዞረ። «እመቤት፣ ስለ ብልቃጡ የተናገሩት ቀረጻው ውስጥ ይቆያል። ስምዎን ግን ልተወው እችላለሁ። አንዲት ሴት ብል ይበቃል። ኤጀንሲው ሊሰማው ይችላል።»

ሳሌም ከጥጉ፣ «ማሚ፣ እንዲተወው ንገሪው» አለች፤ በአማርኛ ነበር።

አጸደ ሰኞ ጠዋት የሚደወለውን ስልክ በሐሳቧ ሰማችው። የአለቃዋን ድምፅ፣ የሚጠየቀውን ጥያቄ ሁሉ ሰማችው። ከዚያ ሚስተር ቴትን አየቻቸው። የግራ እጃቸውን ጣት ወደ ብልቃጧ አፍ እያስገቡ ነው፤ ያበጠው አጥንት ጋ ሲደርስ ትንሽ ቆመ፤ ርጥቡ ብርጭቆ አሳለፈው። ወደ እሷ አልተመለከቱም። የእሷ ነገር ነውና ለእሷ ትተውታል።

ወደ ቀይዋ መብራት ጎንበስ አለች።

«አጸደ ሀይለየሱስ እባላለሁ» አለች። «ጸበሉን ያካፈሉት ደግሞ እትዬ የውብዳር ይባላሉ። ማክሰኞ ልባቸውን ይታከማሉ። አስቧቸው።»

ሚስተር ቴት ራሳቸውን ነቀነቁ። ከብልቃጧ ከንፈር ላይ የተረፈች የሰም ቅንጣት ነጭ ሸሚዛቸው ላይ ወደቀች፤ አላራገፏትም። ዴል ጊታሩን አቅፎ ተቀመጠና ዓይናቸውን ጠበቀ።

ብልቃጧ ክሩን ነካች።